እኔን ያሳረፈው ጠርሙስ አባቴን ሊነጥቀኝ ነበር

ሕመሙ የጀመረኝ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል፣ የዩኒፎርም ስፌት በሚበዛበት ሰሞን ነው። ደሴ ሰኞ ገበያ ውስጥ ከሁለት ሴቶች ጋር በተከራየናት ጠባብ ክፍል ልብስ እሰፋለሁ። ጠዋት ገበያው ሳይጨናነቅ እገባና ለመግሪብ አዛን ሲል ከማሽኑ እነሳለሁ። አንድ ቀን ከትከሻዎቼ መሐል ወረድ ብሎ አውራ ጣት የምታህል ቦታ ጠቅ ጠቅ ታደርገኝ ጀመር። ጀርባውን የማያመው ልብስ ሰፊ የት አለ ብዬ ስፌቴን ቀጠልኩ።

ከድጃ እባላለሁ። ባለቤቴ ሰይድ በደሴና በኮምቦልቻ መሐል ሚኒባስ ይነዳል። የስድስት ዓመት ልጅ አለችን፣ ሂክማ። ቤታችን ሆጤ ነው። ይህን የምጽፈው ሁለት ዓይነት ሰው እንዲያነበው ነው። አንዱ ከባድ ሕመም ይዞት መድኃኒቱን የሚፈራው ነው። ሌላው ደግሞ መድኃኒቱን እንደ ሻይ የሚያየው። እኛ ቤት ሁለቱም ነበሩ።

ዩኒፎርሙ አልቆ ሥራው ቀዝቀዝ ሲል ሕመሙ አልቀዘቀዘም። መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ "ጡንቻ ነው፣ ዕረፍት አድርጊ" ብሎ ቅባት ሰጠኝ። ሁለተኛው "ኩላሊት ነው" አለኝ። ሦስተኛው ደም መርምሮ ታይፎይድም ታይፈስም አለብሽ ብሎ አሥር ቀን መርፌ አስወጋኝ። ሰይድ ለሚኒባሱ ጎማ ያስቀመጣት ገንዘብ በዚህ አለቀች። አልተናገረኝም፤ ግን ባረጀ ጎማ ቁልቁለቱን ሲወርድ እያሰብኩ እኔው እበሳጭ ነበር።

የወረፋ ወንበር ለእኔ ቅጣት ነበር። ስቀመጥ ይብስብኛል፤ ስለዚህ ግድግዳ ይዤ እቆማለሁ። አንድ ጠዋት ተራ ይጠብቁ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ቄስ ብዙ ሲያዩኝ ቆይተው ተነሱ። ጋቢያቸውን አጣጥፈው ወንበሩ ላይ አደረጉና "ነይ ልጄ፣ ይህን ተደገፊ" አሉኝ። ብርድ ነበር፤ እሳቸው በኩታ ብቻ ቀሩ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም።

ከዚያ የሠራሁትን ስሕተት ልንገራችሁ። ጎረቤት "ጅማትሽ ዞሮ ነው" ብላ ዝነኛ ወጌሻ ዘንድ ወሰደችኝ። ሰውየው ቅቤ ቀብቶ ያቺን ቦታ በአውራ ጣቱ ተጫናት። የጮህኩት ጩኸት የእኔ አልመሰለኝም። ሳምንት ሳይሞላ እግሮቼ ይዝሉ ጀመር፤ በሜዳ ላይ እደናቀፋለሁ። ትራማዶል የሚባል የሕመም ማስታገሻ ኪኒን ደግሞ ያለ ማዘዣ አስገዝቼ፣ አንዱ አልይዝ ሲለኝ ሁለት፣ ሁለቱ አልይዝ ሲለኝ ሦስት እየዋጥኩ፣ ሲያስመልሰኝና ሲያዞረኝ ይውላል።

በመጨረሻ ሰይድ ደግፎ ደሴ ሆስፒታል አስገባኝ። ወጣቱ ሐኪም ቁጭ አድርጎኝ የአከርካሪዬን አጥንት ከላይ ጀምሮ አንድ በአንድ በጣቱ አንጓ መታ መታ አደረገ። ያቺ ቦታ ሲደርስ ዘለልኩ።

"ሌሊት ያልብሻል?" አለኝ።

"አንሶላው እስኪርስ።"

"ከስተሻል?"

"ቀሚሴን ሁለት ጊዜ አጥብቤያለሁ።"

እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ከዚያ በፊት ማንም አልጠየቀኝም። በትልቁ የምስል ማሽን ተነሣሁ። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ ብርሃን አንሥቶ አሳየን፦ እንደ ጡብ ከተደረደሩት አጥንቶች ሁለቱ ተበልተዋል። "የአከርካሪ ቲቢ ነው" አለ።

"እኔ እኮ አልስልም" አልኩት።

"ቲቢ ሳንባ ብቻ አይደለም የሚገባው። አጥንትም ይገባል። ይድናል፤ ግን መድኃኒቱን አንድ ዓመት ሳታቋርጪ ትውጫለሽ።"

ይድናል ሲል የሰይድ ትከሻ ሲወርድ አየሁት። እኔ ግን የሰማሁት "አንድ ዓመት" የሚለውን ነው። በዚያን ሰዓት አንድ ደቂቃም አይገፋልኝም ነበር።

ስለ ስቃዩ ብዙ አልጽፍም፤ ቃሉም የለኝም። መተንፈስ ያመኛል። ሂክማ አልጋዬን ስትነካው ያመኛል፤ ስለዚህ የገዛ ልጄን "አትምጪብኝ" አልኳት። የሚሰጡኝ መርፌ ለአንድ ሰዓት ያህል ያደነዝዘኝና ይለቀኛል። በሦስተኛው ቀን ሲስተር ትዕግሥት የምትባል፣ ከባድ ሕመም ያለባቸውን የምትከታተል ነርስ መጣች። "ምንም ሕመም ከሌለ ዜሮ፣ ከዚህ የባሰ የለም የምትዪው አሥር ቢሆን ያንቺ ስንት ነው?" አለችኝ። መናገር አቅቶኝ አሥሩንም ጣቶቼን ዘረጋሁላት።

ከሐኪሙ ጋር ተነጋግራ ተመለሰች። "ሞርፊን እንጀምርልሻለን" አለች።

ሰይድ ፊቱ አመድ መሰለ። ሐኪሙን ወደ ኮሪደሩ ይዞት ወጣ፤ በሩ ገርበብ ስላለ ሁሉም ይሰማኛል።

"ዶክተር፣ በአላህ፣ እውነቱን ንገረኝ። እሱ ለሚሞት ሰው አይደለም እንዴ የሚሰጠው?"

"ለሚሞትም፣ ለሚድንም ይሰጣል። የሚሰጠው ለሕመሙ ነው። ሚስትህ ትድናለች፤ ግን የቲቢው መድኃኒት አጥንቷን እስኪያበርድላት እንዲህ ሆና መጠበቅ የለባትም።"

"ሱስ ቢይዛትስ?"

"አይነካትም ብዬ አልዋሽህም። ያለ ልክና ያለ ተቆጣጣሪ ከተወሰደ ይይዛል። ለዚህ ነው በልዩ ማዘዣ የሚታዘዘው፣ ለዚህ ነው ሲስተር የምትከታተላት። ሕመሙ ሲቀንስ እኛም እየቀነስን እናቆመዋለን።"

ሲስተር ትዕግሥት ውሃ የመሰለ ፈሳሽ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ቀድታ ከምላሴ ጎን ጨመረችልኝ። ይመራል። እሱ ሁሉ ወሬ ለዚህች ጉንጭ ለማትሞላ ነገር ነው እንዴ ብዬ ገረመኝ።

ግማሽ ሰዓት ሆነ፤ ከዚያ ትንሽ አለፈ። ወፍጮ ቤት አጠገብ ኖራችሁ ታውቃላችሁ? ወፍጮው ሲፈጭ ሲውል ድምፁን ትለምዱትና፣ ድንገት ሲቆም ነው ለካስ እንዲያ ይጮህ ነበር የምትሉት። እንደዚያ ሆነ። የሆነ ነገር ቆመ። ሕመሙ ከእነ ጭራሹ አልጠፋም፤ ከበር ውጭ ሄዶ እንደተቀመጠ እንግዳ እዚያ መኖሩን አውቃለሁ። ግን የሰይድ ትንፋሽ ተሰማኝ። መስኮቱ ላይ የሚጮሁት ወፎች ተሰሙኝ። ከጀርባዬ ሌላ ዓለም መኖሩን ረስቼ ነበርኮ። "ሱብሃነላህ፣ ሱብሃነላህ" ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣኝም። ሰይድ ደንግጦ "ምን ሆንሽ?" ሲለኝ፣ "ሂክማን አምጣልኝ" አልኩት። አመጣት። አልጋዬ ላይ ወጥታ እግሬ ሥር ተኛች።

ከሆስፒታል ስወጣ ደሴ ብርድ ስለሆነ፣ ሆጤም ዳገት ስለሚበዛበት፣ ኮምቦልቻ አባቴ ቤት እንድተኛ ተወሰነ። እዚያ ታናሽ እህቴ ራህመት አለች። ሲስተር ትዕግሥት ከመውጣታችን በፊት ሰይድን አጠገቧ አስቀምጣ አስተማረችው። ሕመሙ እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ጠዋት በአሥራ ሁለት፣ በአራት፣ በስምንት፣ እንደገና በአሥራ ሁለት፣ ስትተኛ በአራት። በሲሪንጁ እስከዚህች መሥመር። በማንኪያ ወይም በክዳን በግምት አይለካም። ሆድ ያደርቃልና የሚያለሰልሰውን ኪኒን አብራችሁ ስጧት። የእንቅልፍ መድኃኒት አይጨመርበት። ካንቀላፋችና ለመቀስቀስ ካስቸገረች የሚቀጥለውን አትስጡ፣ ደውሉልኝ። በራሳችሁ አትጨምሩ፣ በራሳችሁም በአንዴ አታቁሙ። "ደግሞ ይቆለፍ" አለች። "የእሷ መድኃኒት የእሷ ብቻ ነው።"

ሁሉንም ፈጸምን፤ ከመጨረሻዋ በቀር። ቁልፍ ያለው ሳጥን አልነበረንም። ማን ይነካዋል ብለን ጠርሙሱን ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጥነው።

አባቴ ይማም ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ነበሩ። የሽመና ማሽን ድምፁን ብቻ ሰምተው ሕመሙን ያውቁ ነበር ይባልላቸዋል። እሳቸው ግን ኪኒን ውጠው አያውቁም። ስለ ሞርፊኑ ሲሰሙ "ያሰክራል ይላሉ። ሐራም ነገር በቤቴ?" አሉና ከመስጊዳቸው ኢማም ዘንድ ሄደው ጠየቁ። ሲመለሱ ራስጌዬ ቆሙ። "ሐኪም ለበሽታ በልክ ካዘዘው፣ ሌላም መፍትሔ ካጣችሁ፣ ለስካር አይደለም ብለውኛል። ጠጪ ልጄ፣ አብሽሪ" አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ መድኃኒቱን ስወስድ ከበሩ ላይ ሆነው ያዩኝ ነበር። ከመውሰዴ በፊት የተጨማደደው ፊቴ ቀስ በቀስ ሲፈታ ያያሉ። 

በሦስተኛው ሳምንት ሕመሙ ከሰዓቱ ቀድሞ ይመጣብኝ ጀመር። አንዴ እጄን ወደ ጠርሙሱ ሰድጄ መለስኩት፤ ትራማዶሉ ትዝ አለኝ። ሲስተር ትዕግሥት ጋ ደወልኩ። "የቲቢው መድኃኒት የሞርፊኑን ጉልበት ሊቀንሰው ይችላል። ደግ አደረግሽ የደወልሽልኝ፤ ሐኪሙ ይይሽ" አለች። ሐኪሙ አይቶ መጠኑን ጥቂት ከፍ አደረገልኝ። ፋርማሲውም የበለጠ ፈሳሽ ሰጠን። ቁም ሳጥኑ ላይ የተቀመጠው ጠርሙስ ሙሉ ነበር።

ያ ቀን ሐሙስ ነው። ራህመት ሂክማን ይዛ ገበያ ሄዳለች። እኔ ጀርባዬን የሚደግፈውን ቀበቶ ታጥቄ ተኝቻለሁ። አባቴ ከዙሁር ሶላት ሲመለሱ ጉልበታቸውን ይዘው "ኧረ ያ ረቢ" እያሉ ሳሎን ሲቀመጡ ሰምቻቸዋለሁ። ከዚያ አንቀላፋሁ።

የቀሰቀሰኝ የአሱር አዛን ነው። አባቴ አዛን ሲል የማይነሡበት ቀን የለም፤ እኔ ግን የምሰማው ማንኮራፋት ነው። እንግዳ ማንኮራፋት። ይመጣል፣ ይቆማል፣ ረጅም ጊዜ ዝም ይላል፣ ደግሞ ይመጣል። "አባዬ!" አልኩ።  ግድግዳውን ተደግፌ ሳሎን ደረስኩ። አባቴ ሶፋው ላይ ጋደም ብለዋል። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ጠረጴዛው ላይ የሻይ ብርጭቆና የእኔ ጠርሙስ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

የዓይናቸውን ቆብ ገለጥኩት። ብሌናቸው የመርፌ ጫፍ አክላለች።

ለሰይድ ደወልኩ። አላህ ሲረዳ ኮምቦልቻ መናኸሪያ ተሳፋሪ እየጫነ ነበር። ቀጥዬ ሲስተር ትዕግሥት ጋ ደወልኩ። ድምፅዋ አልተለወጠም። "በጎናቸው አስተኚያቸው። ምንም አታጠጪያቸው፣ እንዲያስመልሳቸውም አታድርጊ። ትከሻቸውን ነቅንቀሽ ጥሪያቸው። መተንፈስ ሲያቆሙ ይተንፍሱ በያቸው። አትተዪ።"

"ይሰሙኛል?"

"በያቸው ብቻ።"

ትከሻቸውን መትቼ "አባዬ፣ ይተንፍሱ!" ብዬ ጮህኩ። ደረታቸው ተነሣ። ወረደ። ቆመ። "አባዬ፣ ይተንፍሱ!" ተነሣ። ይህን የማያይ ሰው አያምነኝም። ዓይናቸው ተከድኖ፣ እጃቸው እንደ ጨርቅ ዝሎ፣ ትንፋሻቸው ግን ልጃቸውን ይታዘዝ ነበር። ዝም ስል ይቆማል። ስጠራቸው ይመጣል። ሕይወት እንዲህ በአንድ ቃል ላይ ተንጠልጥላ አይቼ አላውቅም፤ ቃሉም በእኔ አፍ ነበር።

ሰይድ ሚኒባሱን በር ላይ አቆመ። ተሳፋሪዎቹን አላወረዳቸውም፤ ጊዜ አልነበረውም። የማላውቃቸው ሁለት ወንዶች አባቴን ተሸክመው የኋላ ወንበር ላይ በጎናቸው አስተኟቸው። እኔ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ "ይተንፍሱ" እላለሁ። መንገዱ መሐል ድምፄ ተዘጋ። አጠገቤ የነበረች ነጠላ የለበሰች ሴት ጎንበስ ብላ "አባባ፣ ይተንፍሱ!" አለች። ከዚያ ከፊት የተቀመጠው፣ ከዚያ ከጎኑ ያለው። ሆስፒታል እስክንደርስ መኪና ሙሉ ሰው የማያውቀውን ሽማግሌ ይተንፍሱ ይል ነበር፤ እሳቸውም ይተነፍሱ ነበር።

እዚያ ጭምብል አፋቸው ላይ ደፍተው በፊኛ አየር አስገቡላቸው። አንዱ ሐኪም የሞርፊንን ሥራ የሚያፈርስ መርፌ በደም ሥራቸው ሰጣቸው። ሁለት ደቂቃ የሆነ አይመስለኝም። አባቴ ዓይናቸውን ገለጡ። ጣራውን አዩ፣ ሐኪሙን አዩ፣ እኔን አዩ።

"አሱር አለፈኝ?" አሉ።

ሰይድ ግድግዳ ተደግፎ ቁጢጥ አለ፤ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሐኪሙ ግን ወደ ቤት አልሰደደንም። "ይህ መርፌ ቶሎ ያልቃል፣ ሞርፊኑ ግን ሆዳቸው ውስጥ ገና አለ፤ ተመልሰው ሊያንቀላፉ ይችላሉ" ብሎ እስከ ማግስቱ አቆያቸው። እንዳለውም ምሽት ላይ ደግሞ መርፌ አስፈለጋቸው።

በማግስቱ ጠየቅኳቸው። "ምን ያህል ጠጡ አባዬ?"

"ግማሽ ብርጭቆ።" አንገታቸውን ደፉ። "ፊትሽን አይ ነበር። ለልጄ እንዲህ ያደረገ ለጉልበቴ ምን ይሳነዋል አልኩ። አንቺ የምትወስጂው ጥቂት ስለሆነ፣ እኔ ወንድ ነኝ፣ ትልቅ ሰው ነኝ፣ ግማሽ ብርጭቆ አይበዛብኝም ብዬ።"

እኔ ያሰብኩት ሌላ ነው። ሂክማ ውሃ መስሏት ብትጠጣውስ? 

ቤት ስንመለስ ሰይድ ጠርሙሱን አንሥቶ ወደ ሽንት ቤት አመራ። "ይብቃ! ከእንግዲህ ይህ ነገር እዚህ ቤት አያድርም!" ልለምነው ፈለግኩና አፈርኩ። ለመድኃኒት ብለምነው ሱሰኛ ሆናለች ቢለኝስ? ግን ሰዓቱ እያለፈ፣ ሕመሙ ወደ በሩ እየተጠጋ ነው። ስልኩን ሰጠሁትና "ለሲስተር ንገራት፤ እሷ ድፋው ካለች ድፋው" አልኩት። ሲስተር ትዕግሥት ረጅም ሰዓት አነጋገረችው። በአንዴ ቢቋረጥብኝ ስቃዩ ተመልሶ ሰውነቴም እንደሚናወጥ፣ ጥፋቱ የአቀማመጡ እንጂ የመድኃኒቱ እንዳልሆነ ነገረችው። "የምትቆልፉበት አላችሁ ወይ ብዬ ሳልጠይቅ የሸኘኋችሁ እኔም አለሁበት" አለችው። ሰይድ ጠርሙሱን ይዞ ተመለሰ።

አባቴ ከአልጋቸው ሥር የፋብሪካ ዘመናቸውን የመፍቻ ሣጥን ጎትተው አወጡ። የብረት ሣጥን ነው። መፍቻዎቹን አንድ በአንድ አውጥተው ጨርቅ ላይ ደረደሩ፤ ውስጡን ወለወሉ፤ ጠርሙሱንና ሲሪንጁን አስገብተው በጓጉንቸር ቆለፉት። ቁልፉን በክር አንገታቸው ላይ አሰሩት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ መድኃኒቴን የሚቀዱልኝ አባቴ ሆኑ። ሲሪንጁን ወደ መስኮቱ ያነሡታል፤ አንድ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ አረፋ ካለ በጥፍራቸው ነካ ያደርጉታል። "ከመሥመሩ ከፍ አይል፣ ዝቅ አይል" ይሉኛል። እነዚያ ማሽን ሲፈቱ የኖሩ ሻካራ ጣቶች ለዚያች ጠብታ ሲጨነቁ ሳይ፣ ያው አንዱ ፈሳሽ እኔን ከሲኦል እንዳወጣና እሳቸውን መቃብር አፋፍ እንዳደረሰ አስብና እፈዛለሁ። መሐሉ ያለው ቀጭን ጥቁር መሥመር ነው፤ ሌላ ምንም የለም።

በሦስተኛው ወር ሕመሜ ሦስት፣ ሁለት እያለ ወረደ። ሐኪሙ ሞርፊኑን በየጥቂት ቀኑ እየቀነሰ መጣ። አንድ ጊዜ ሲቀንሱልኝ ላብ ላብ አለኝ፣ ማዛጋት በዛብኝ፤ ተናገርኩ፣ ፍጥነቱን ቀስ አደረጉልኝ። ከዚያ አንድ ጠዋት አባቴ ቁልፉን ሊፈቱ ሲሉ "ዛሬ የለም አባዬ፣ ሐኪሙ ይብቃሽ ብሎኛል" አልኳቸው። ልቤ ትፈልገው እንደሆነ ብዬ ቀኑን ሙሉ ራሴን ስጠብቅ ዋልኩ። የፈለግኩት ምሳ ነበር።

የተረፈውን ፈሳሽ በብረት ሣጥኑ ቆልፈን ለመመለስ ከአባቴ ጋር ደሴ ወጣን። ከመኪናው እስከ ፋርማሲው በእግሬ ሄድኩ፣ ያለ ምርኩዝ። ጀርባዬ ላይ ትንሽ ጉብታ ቀርታለች፤ አትለቅም ተብያለሁ። የፋርማሲው ባለሙያ የቀረውን ለክቶ ተረከበን። ዞር ስንል ወንበሩ ላይ አንዲት ሴት ልዩ ማዘዣ ወረቀት አራት አጥፋ ጨብጣ ተቀምጣለች። ባሏ እግሩን ማሽን ጨፍልቆት ዋርድ መተኛቱን ነገረችን።

"ለምን አታወጪለትም?" አልኳት።

"ይገድላል ይላሉ" አለች።

ስለ ራሳቸው ለእንግዳ ሰው የማይናገሩት አባቴ አጠገቧ ተቀመጡ። "እኔን ሊገድለኝ ነበር፤ ያለ ልኬ፣ ሳይታዘዝልኝ ጠጥቼው" አሏት። ወደ እኔ ጠቆሙ። "ለእሷ ታዘዘላት፣ በልክ ወሰደች። ይኸው ቆማለች።"

ሴትዮዋ እኔን ከእግር እስከ ራስ አየችኝ።

"ቤታችሁ የሚቆለፍ ሣጥን አለ?" አሏት አባቴ።

የለም ብላ ራሷን ነቀነቀች።

አባቴ ክሩን ከአንገታቸው አወጡ። ባዶውን ሣጥን ጭኗ ላይ አስቀመጡና ቁልፉን ከወረቀቱ ጋር እጇ ውስጥ ከተቱላት። ሴትዮዋ ተነሥታ ወደ ፋርማሲው መስኮት ሄደች።